«ዛሬ ሌሊት ስልካችሁን አጥፉ» ለሚሉን፦ ስለ ጋማ ጨረርና ስለሚቆጥሩት ቴሌስኮፖች



ሞተ ሲሉት የሚነሳ አንድ መልእክት አለ። በቤተሰብ ግሩፕ፣ በመስጂድ ጀማዓ ግሩፕ፣ በተማሪዎች ቴሌግራም ሳይቀር ይዞራል። ሲጠቀለል ነገሩ ይህ ነው፦ ዛሬ ሌሊት ከ6፡30 እስከ 9፡30 አደገኛ ጨረር በምድር አጠገብ ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ፣ ከሰውነታችሁም አርቁት፣ ናሳም ቢቢሲም አረጋግጠዋል፣ ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ። ቀን አይጠቅስም፤ «ዛሬ» ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ዘንድሮም ይሠራል፣ ከርሞም ይሠራል። በእንግሊዝኛ ከአሥር ዓመት በላይ ሲዞር የኖረ ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ተተርጉሞ ነው።

መልእክቱን ያመነ ሰው የሚያጣው ትንሽ ይመስላል፤ ቢበዛ የሱብሒ ማንቂያው ሳይጮህ ይነጋበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ወሬን ከማስተላለፍ በፊት ማጣራት ዲናችን ያዘዘን ነገር ነው፤ «ውሸት ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ግን ማጣራት አይባልም። ከውሸቱ ሥር እውነት አለና። ከሰማይ ጨረር በእርግጥ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ዛሬ ሌሊት ለሦስት ሰዓት ሳይሆን በየሰከንዱ፣ ቀንም ሌሊትም ነው። ይህን ጨረር ሲቆጥሩ የሚውሉ ቴሌስኮፖች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱም የተነሳው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው።

በመጀመሪያ ጋማ ጨረር ምንድን ነው? በዓይናችን የምናየው ብርሃን ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አባል ብቻ ነው። የሬዲዮ ሞገድ፣ የስልካችን ኔትዎርክ፣ ከእሳት የሚሰማን ሙቀት፣ የሚታየው ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት፣ ሐኪም ቤት የምንነሳው ራጅ፣ በመጨረሻም ጋማ ጨረር ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው። የሚለያዩት በጉልበት ነው። ስልክ ከደካማው ጫፍ ይቀመጣል፣ ጋማ ከኃይለኛው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን ለብዙ ዓመታት የታከሙበት መሣሪያ ኮባልት 60 ከሚባለው ንጥረ ነገር በሚወጣ ጋማ ጨረር የሚሠራ ነበር፤ ዕጢን የመግደል አቅም ያለው ጨረር ነው ማለት ነው። ከሰማይ የሚመጣውና ዛሬ በሕዋ ካሉት ትልቁ የጋማ ቴሌስኮፕ የሚያየው ደግሞ፣ ደካማው እንኳ ከኮባልቱ 15 እጥፍ ገደማ ጉልበት አለው። ኃይለኛው ከሚታየው ብርሃን ከመቶ ቢሊዮን እጥፍ በላይ ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ጨረር በሙቀት አይፈጠርም። የትኛውም ኮከብ ያን ያህል አይግልም። የሚወጣው ቅንጣቶች ወደ ብርሃን ፍጥነት ከሚወነጨፉባቸው ቦታዎች ነው፦ ከፈነዱ ኮከቦች ፍርስራሽ፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ከሚሽከረከሩ የኒውትሮን ኮከቦች፣ በጋላክሲዎች መሀል ካሉ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች አካባቢ።

ታዲያ ለምን አልጎዳንም? ለሐረር ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጁገል ግንብ ከተማዋን ዙሪያዋን ዘግቶ አምስት በር ብቻ ነው የተወላት። ከባቢ አየርም እንዲሁ ግንብ ነው። ለሚታየው ብርሃንና ለሬዲዮ ሞገድ በር ከፍቷል፤ ለጋማ ግን በር የለውም። አየር ቀላል ይመስለናል እንጂ በባሕር ጠለል ላይ ከአናታችን የተደረበው አየር ክብደቱ ከ10 ሜትር ውሃ ጋር እኩል ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የኛ ድርሻ ወደ 8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስምንት ሜትር ውሃ ሥር የሚተኛ ሰው ጋማ ጨረርን ፈርቶ ስልክ አያጠፋም።

ለእውነተኛ ፈተና ደግሞ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 9 ቀን 2022 ወደ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲጓዝ የኖረ የጋማ ፍንዳታ ብርሃን ምድር ደረሰ። ሳይንቲስቶች ከመዘገቧቸው ሁሉ የደመቀው እሱ ነው፤ የቴሌስኮፖቹን መቁጠሪያ ለጊዜው አጥለቅልቆታል፣ የከባቢ አየሩን የላይኛውን ክፍልም በሚለካ ደረጃ አናውጧል። ስልክ ሲያወራ የነበረ ሰው ግን ምንም አልተሰማውም።

አስተማሪ በነበርኩ ጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ ከተማሪ የማይቀር ጥያቄ ነበር፦ መሬት ካልደረሰ እንዴት አወቁት? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ቴሌስኮፑ ራሱ ከግንቡ ውጭ መውጣት አለበት የሚል ነው።

ሥራው የተጀመረው በጣት በሚቆጠር ምርት ነው። እ.ኤ.አ በ1961 የመጠቀችው ኤክስፕሎረር 11 በጠቅላላ ሥራዋ የያዘችው 22 የጋማ ቅንጣት ብቻ ነው። ከእሷ በኋላ በ1967 የመጠቀችው ኦኤስኦ 3 ደግሞ 621 ቆጠረች። ከነዚህ 621 ነው ፍኖተ ሐሊብ ጋላክሲያችን በጋማ እንደሚያበራ የታወቀው። በዚያው ዓመት በጁላይ 2 ቀን የአሜሪካ ወታደራዊ ሳተላይቶች ሌላ ነገር አገኙ። ሥራቸው ሶቪየት ኅብረት በድብቅ የኒውክሌር ቦምብ እንዳትሞክር መሰለል ነበር፤ የያዙት ግን ከጥልቁ ሰማይ የመጣ የጋማ ፍንዳታ ሆነ። ለሕዝብ የተነገረው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1973 ነው።

አሁን ወደ ኬንያ። በማሊንዲ አቅራቢያ ከባሕሩ ውስጥ በብረት እግሮች የቆመ ሳን ማርኮ የሚባል የጣሊያኖች የሮኬት መድረክ ነበር። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት፣ ከዚያ የመጠቀችው የራጅ ጨረር ሳተላይት ለበዓሉ ክብር ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1972 (ኅዳር 6 ቀን 1965 ዓ.ም)፣ ከዚያው መድረክ ኤስኤኤስ 2 የተባለችው የጋማ ቴሌስኮፕ ተነሳች።

አሜሪካኖቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው እስከ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡት ለምን ነበር? ምድር በመግነጢሷ የያዘቻቸው ኃይለኛ ቅንጣቶች በደቡብ አትላንቲክና በብራዚል ሰማይ ላይ ዝቅ ብለው ይወርዳሉ። በዚያ የምታልፍ ሳተላይት መቁጠሪያዋ በማይፈለግ ግርግር ይሞላል። ከምድር ወገብ ተነስታ በምድር ወገብ ላይ የምትዞር ሳተላይት ግን ይህን አካባቢ አብዛኛውን ታመልጣለች። የኤስኤኤስ 2 ምሕዋር ከምድር ወገብ ያጋደለው በሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ በ95 ደቂቃ ገደማ አንዴ፣ በቀን 15 ጊዜ ያህል፣ ከሐረር በስተደቡብ ከአድማስ 20 ዲግሪ ከፍ ብላ ታልፍ ነበር ማለት ነው። ያኔ ማንም ቀና ብሎ የፈለጋት አይመስለኝም።

ዕድሜዋ አጭር ሆነ። ጁን 8 ቀን 1973 የኃይል አቅርቦቷ ተበላሽቶ ሥራዋ ቆመ። በሰባት ወር ውስጥ የሰበሰበችው ወደ 8,000 የሚጠጋ የሰማይ ጋማ ቅንጣት ነው። ከነዚህ ውስጥ ግን ሃያ ዓመት ያወዛገበ ነገር ተገኘ።

ኤስኤኤስ 2 በደማቁ ካየቻቸው ነጥቦች ሁለቱ ይታወቃሉ፤ የፈነዱ ኮከቦች ቅሪት ናቸው። ሦስተኛው ዐረቦች ጀውዛእ በሚሉት በመንትዮቹ ኮከቦች አካባቢ ሲሆን፣ በዚያ ቦታ በቴሌስኮፕ ሲታይ ምንም የለም። በሬዲዮ ሲፈለግም ምንም የለም። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ቢኛሚ «ጌሚንጋ» አለው። ስሙ «የመንትዮቹ ጋማ» ለማለት የተገጣጠመ ነው፤ በሚላኖ ከተማ አነጋገር ግን ሲሰማ «እዚያ የለም» የሚል ይመስላል። ሳይንቲስቶችም እንዲህ ይቀልዳሉ። ከ1975 ጀምሮ የሠራችው የአውሮፓውያኑ ኮስ ቢ ሳተላይት አየችው፤ ማንነቱን ግን አልለየችም። በራጅ ጨረር ደካማ ነጥብ ተገኘለት፤ ያም አልበቃም። የተፈታው በ1992 ነው፦ ሮሳት የተባለችው ሳተላይት ነጥቡ በየ0.237 ሰከንድ ብልጭ እንደሚል ለየች። ጌሚንጋ በሰከንድ አራት ጊዜ ገደማ የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም ፑልሳር ነው፤ ርቀቱም ወደ 800 የብርሃን ዓመት ይገመታል። በሰማይ ስፋት ሲታይ ጎረቤታችን ነው። ሃያ ዓመት ያስቸገረው የጎረቤታችን ስም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። በማኅበራዊ ሚዲያ ፑልሳር ማለት በቁርኣን የተጠቀሰው «ጧሪቅ» ነው የሚሉ ቪዲዮዎች በብዛት ይታያሉ፤ የማንኳኳት ድምፅም ያሰማሉ። ወንድሞቻችን ይህን የሚያደርጉት በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። የቀደሙት ሙፈሲሮች ግን ቃሉን በሌሊት ስለሚመጣ ኮከብ ነው የተረዱት። ድምፁም ከሰማይ የመጣ ድምፅ ሳይሆን የሬዲዮ ምት በኮምፒውተር ወደ ድምፅ የተቀየረበት ነው። ጌሚንጋ ደግሞ ፑልሳር ሆኖ ሳለ በሬዲዮ ዝም ያለ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም አያንኳኳም። ሳይንስ ትናንት «የለም» ያለውን ዛሬ «አለ» ይላል፤ ዛሬ ያለውን ነገ ያሻሽላል። የአላህን ቃል ከአንድ ዓመት ግኝት ጋር አጥብቆ ማሰር ግኝቱ ሲቀየር ወጣቱን ግራ ያጋባል። የኔ አቋም ይህ ነው፤ የሚለየኝ ወንድም ካለ በአደብ እንነጋገር።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ኤስኤኤስ 2 ካየቻቸው ሁለቱ የታወቁ ነጥቦች አንዱ ክራብ ኔቡላ ይባላል፤ ታሪኩም እኛን ይነካል። ኮከቡ ሲፈነዳ ብርሃኑ ምድር የደረሰው በ1054 ነው። ቻይናውያን በደንብ ጽፈውታል። በዐረብኛ የቀረልን ምስክርነት የባግዳዱ ክርስቲያን ሐኪም የኢብን ቡጥላን ነው፤ ያቆየልንም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ሙስሊሙ ኢብን አቢ ኡሰይቢዓህ ነው። በ446 ሂጅራ በጀውዛእ ውስጥ አዲስ ኮከብ መታየቱን ይነግሩናል፤ 446 ሂጅራ የጀመረው ደግሞ በኤፕሪል 1054 ስለሆነ ከቻይናውያኑ ቀን ጋር ይገጥማል። ኢብን ቡጥላን ኮከቡን በዘመኑ ከነበረው ወረርሽኝ ጋር አያይዞታል። ማያያዙ ወድቋል፤ ምልከታው ግን ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላም ይጠቅማል። ስለ ሰማይ በስልካችን ለሚደርሱን ወሬዎችም ይህ ልዩነት ይሠራል።

የክራብ ኮከብ ዛሬ በሰከንድ 30 ጊዜ ይሽከረከራል። የጋማው ብርሃን የማይለዋወጥ ስለመሰላቸው ሳይንቲስቶች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉበት ልክ አድርገውት ነበር፤ ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት እንደሚፈትን ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2010 ግን የጣሊያን ሳተላይት አጂሌ ክራብ በድንገት ሲፈካ ያዘችው፣ ፈርሚም አረጋገጠ። ክብደቱ ራሱ ይለዋወጣል! አጂሌ እ.ኤ.አ በ2007 ከሕንድ ብትመጥቅም የምትዞረው እንደ ኤስኤኤስ 2 በምድር ወገብ ላይ ነበር፤ መረጃዋንም የምታወርደው ማሊንዲ ባለው ጣቢያ ነው። ፌብሩዋሪ 2024 ወደ ከባቢ አየር ገብታ እስክትቃጠል ድረስ።

ከላይ ትልቁ ያልኩት ቴሌስኮፕ ፈርሚ ነው። የመጠቀው ጁን 11 ቀን 2008 ነው። ምሕዋሩ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 25.6 ዲግሪ ስለሚደርስ በሐረር አናት ላይም ያልፋል።

ስሙ ቴሌስኮፕ ይሁን እንጂ መስታወትም ሌንስም የለውም። ጋማ ጨረር መስታወትን ይበሳል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ የተገነባው እንደ ወጥመድ ነው። ጨረሩ ተንግስተን በሚባል ከባድ ብረት ስስ ንብርብር ውስጥ ሲገባ ራሱ ይጠፋና በምትኩ ሁለት ቅንጣቶች ይወለዳሉ፤ አንዱ ኤሌክትሮን፣ ሌላው ተቃራኒው ፖዚትሮን። በንብርብሮቹ መካከል ያሉት የሲሊከን መመርመሪያዎች የሁለቱን መንገድ ይከተላሉ፤ አዳኝ የዱካውን አቅጣጫ አይቶ አውሬው ከየት እንደመጣ እንደሚያውቅ፣ ከመንገዳቸው ጨረሩ የመጣበት አቅጣጫ ይሰላል። ከሥር ያለው የክሪስታል ክፍል ጉልበቱን ይለካል። ከባዱ ሥራ መለየቱ ነው፦ ለአንድ ጋማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች የሰማይ ቅንጣቶች መሣሪያውን ይደበድባሉ። ስለዚህ በ89 የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ተሸፍኗል፤ ኤሌክትሪክ ያለው ቅንጣት ሲነካቸው ብልጭ ብለው ያጋልጡታል፣ ጋማ ግን ሳይነካቸው ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል አንድ አምስተኛ ገደማ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው።

ፈርሚ በአንድ ጊዜ የሰማዩን አንድ አምስተኛ ያያል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ይዳስሳል። በ2018 አንድ ቢሊዮንኛውን የጋማ ቅንጣት ቆጠረ። ከ22 ተነስቶ በ57 ዓመት ቢሊዮን መድረስ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት መዝገቡ ላይ ከ5,000 በላይ ነጥቦች አሉ። የሚበዙት ከሩቅ ጋላክሲዎች መሀል ወደ እኛ አቅጣጫ የሚተፉ ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው። ከ1,300 የሚበልጡት ግን ማንነታቸው አልታወቀም። ከ1,300 በላይ ጌሚንጋዎች ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ለአፍሪካ የሚቀርበውን አንድ ግኝት ሳልጠቅስ አላልፍም። ዲሴምበር 14 ቀን 2009 ፈርሚ በግብፅ ላይ ሲያልፍ የፖዚትሮን ዥረት ደረሰበት። ምንጩ ሰማይ አልነበረም። ወደ 4,500 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዛምቢያ ላይ የነበረ የመብረቅ ደመና ነው! በኃይለኛ ነጎድጓድ ጊዜ ደመናው ለቅጽበት ጋማ ጨረር ይተፋል፣ ጋማውም ቅንጣቶችን ይወልዳል፤ ቅንጣቶቹ የምድርን መግነጢስ መስመር ተከትለው እስከ ግብፅ ተጓዙ። በክረምት የሐረር ጣራዎችን የሚያንቀጠቅጠው ነጎድጓድም የዚሁ ዘመድ ነው።

አሁን ለተማሪዎቻችን። የፈርሚ መረጃ ሚስጥር አይደለም። መሬት ከደረሰ በኋላ ወዲያው ለማንም በነፃ ይለቀቃል፤ ማንበቢያ ፕሮግራሞቹም በነፃ ናቸው። በእንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ያሉት የአገራችን ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ጋማን ማየት አይችሉም፤ በጋማ የተጠቆመን ነጥብ በሚታየው ብርሃን መከታተል ግን እንዲህ ባለ መሣሪያ የሚሠራ ሥራ ነው። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማር ልጅ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕ፣ ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ጥሩ የስታቲስቲክስ መሠረትና ትዕግሥት ነው። ኢንተርኔቱ መቆራረጡ፣ መብራቱ መጥፋቱ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ግን መረጃው በአንድ ቀን ካልወረደ በሳምንት ይወርዳል። እኔን የሚቆጨኝ ልጆቻችን መኖሩን ሳይሰሙ መመረቃቸው ነው። ወላጆችም ብትሆኑ ልጃችሁ ኮምፒውተር ላይ ነጥብ ሲቆጥር ብታገኙት ጌም እየተጫወተ ነው ብላችሁ አትቆጡት፤ መጀመሪያ ጠይቁት።

ያለ መሣሪያ ለማየት የምትፈልጉ ደግሞ ሐረር ጥሩ ቦታ ናት፤ ወደ ምድር ወገብ ስለምትቀርብ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታያታል። በየካቲት ከዒሻእ ሶላት በኋላ ቀና በሉ፤ ከአናታችሁ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያሉት ሁለቱ ጎን ለጎን ደማቅ ኮከቦች የመንትዮቹ ራሶች ናቸው፣ ጌሚንጋም ከእግራቸው አካባቢ ነው። በመጋቢት ለሱብሒ ስትነሱ፣ ገና ሳይነጋ፣ ወደ ደቡብ ተመልከቱ፤ የጊንጡ የዐቅረብ ጅራት ከተጠመዘዘበት በስተግራ የጋላክሲያችን መሀል አለ። ፈርሚ በ2010 ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች እያንዳንዳቸው 25,000 የብርሃን ዓመት የተነፉ ሁለት የጋማ አረፋዎች አሳይቶናል። ምን እንደነፋቸው እስካሁን ይከራከራሉ። ስልካችሁንም ይዛችሁ ውጡ፤ የኮከብ ካርታ የሚያሳዩ አፖች ስላሉ ይጠቅማችኋል።